የማጣት ፍራቻ ምንድን ነው?

ባለፈው ወር ከመገናኛ ወደ ሰፈሬ በታክሲ ስመለስ 1,000 ብር ጠፋብኝ። አምስት ባለ 200 ብር ኖቶች ነበሩ። አጥፌ ከስልኬ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ረዳቱ «ሒሳብ» ሲል ስልኬን አወጣሁ፣ ዝርዝር ፈልጌ ከፈልኩ፣ ወረድኩ። ቤት ደርሼ ስዳብስ ኪሴ ባዶ ነው።

በዚያው ቀን ጠዋት አንድ ጓደኛዬ የተበደረኝን 1,000 ብር በቴሌብር ልኮልኛል። ብድሩ ከመቆየቱ የተነሳ እኔ ጭራሽ ረስቼው ነበር። እንግዲህ አስሉት። ጠዋት 1,000 ገባ፣ ማታ 1,000 ወጣ። ሒሳቡ ዜሮ ለዜሮ ነው። እኔ ግን እህል አልወርድ አለኝ። ብሩ የት ጋ ወደቀ? ከጎኔ የተቀመጠው ሰው አይቶት ይሆን? ስልኩን በሌላኛው ኪስ ብከተው ኖሮ? እያልኩ እስከ እኩለ ሌሊት ስገላበጥ አመሸሁ። ጠዋት ስለገባልኝ ብር አንዴም አላሰብኩም።

ይህ ስም ያለው ነገር ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ «የማጣት ፍራቻ» እያልኩ እጠራዋለሁ። ትርጉሙ ቀላል ነው። አንድን ነገር ስናጣ የሚሰማን ሕመም፣ ያንኑ ነገር ስናገኝ ከሚሰማን ደስታ ይበልጣል። ውስጣችን ያለው ሚዛን ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። ያጋደለውም ትምህርት ቤት ሳንገባ፣ ገንዘብ ሳይፈጠር፣ ምናልባትም ሰው ሰው ሳይሆን በፊት ነው።

ነገሩን በቁጥር ያሳዩን ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አብረው መሥራት ጀመሩ። በመጀመሪያው የጋራ ጽሑፋቸው ላይ የማን ስም እንደሚቀድም የወሰኑት ሳንቲም ጥለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ጥናት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ስለ ሰው ያላቸውን ግምት አናጋው። እስከዚያ ድረስ ሰው በመሠረቱ አስልቶ የሚወስን ፍጡር ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1996 በ59 ዓመቱ ሞተ። ካህነማን እ.ኤ.አ. በ2002 በዚሁ ሥራ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ። እሱም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አርፏል።

ሁለቱ የተጠቀሙበት ዘዴ በብዛት ጥያቄ መጠየቅ ነበር። አንዱን ዓይነት በእኛው ቋንቋ ላቅርበው። ዘውድና ጎፈር እንጫወት። ጎፈር ከወጣ 1,000 ብር ትከፍሉኛላችሁ። ዘውድ ከወጣ እኔ እከፍላችኋለሁ። ስንት ብሰጣችሁ ትጫወታላችሁ? 1,000 ብል እሺ የሚል ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። 1,200 ብልም ብዙዎች ያመነታሉ። ብዙ ሰው ልቡ የሚነሳው ወደ 2,000 ብር ስንጠጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ስሌት ማጣት ከማግኘት በ2.25 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ይህ ቁጥር ከሰው ሰው፣ ከጉዳይ ጉዳይ ይለያያል። «እጥፍ ያህል» ብሎ ማስታወስ ግን ይበቃል።

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንላለን። ይህ ተረት የማጣት ፍራቻን የሚቃረን ይመስላል። እኔ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አይቃረንም። የያዝነውን ነገር በአዘቦት ቀን አናየውም፤ ይህ እውነት ነው። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊወስድብን ሲል ግን ያ መዳብ በአንድ አፍታ ተመልሶ ወርቅ ይሆናል።

ይህችን አፍታ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ ሙከራ በደንብ ይዟታል። ካህነማን፣ ጃክ ኔትሽ እና ሪቻርድ ቴለር ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 44 ተማሪዎችን ሰበሰቡ። 22ቱን የቡና ኩባያ ሰጧቸው። የቀሩት 22ቱ ምንም አልተሰጣቸውም። ኩባያው በዩኒቨርሲቲው ሱቅ 6 ዶላር ይሸጣል። ከዚያ «መሸጥ የሚፈልግ ይሽጥ፣ መግዛት የሚፈልግ ይግዛ» ተባለ። ኩባያውን አብልጠው የሚወዱት ተማሪዎች በሁለቱም ወገን ስለሚኖሩ፣ በስሌት ከሄድን ግማሹ፣ ማለትም 11 ኩባያ ያህል እጅ መቀያየር ነበረበት። ገበያውን አራት ጊዜ ደጋገሙት። የተሸጠው 4፣ ቀጥሎ 1፣ ቀጥሎ 2፣ በመጨረሻም 2 ኩባያ ብቻ ነው። ባለ ኩባያዎቹ የጠየቁት ዋጋ 5 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገደማ ነበር። አብዛኞቹ ገዢዎች ደግሞ ከ3 ዶላር በላይ አልወጣም አሉ። ልብ በሉ፣ ያ ኩባያ ከተማሪዎቹ እጅ ከገባ ገና ደቂቃዎች ናቸው። ከእናት የተወረሰ አይደለም። ቡና እንኳ አልተጠጣበትም። ግን አንዴ «የኔ» ሆኗል።

የእኛ ደላሎች ይህን ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ያውቁታል። ሻጭ ቤቱን የሚገምተው ልጆቹን ባሳደገበት ዓይን ነው። ገዢ የሚያየው የሚያፈሰውን ጣራ ነው። ደላላው መሀል ቆሞ ሁለት ቤት የሚሸጥ እስኪመስለው ድረስ ይደክማል።

ጦጣዎቹ

ይህን ሁሉ ያመጣው ገንዘብና ንግድ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፤ የካፑቺን ጦጣዎችን ሙከራ እስካነብ ድረስ። ካፑቺን በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ጫካዎች የሚኖር ትንሽ ጦጣ ነው። የእኛና የእነሱ የጋራ አያት የኖረው ቢያንስ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው።

የል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኪት ቼን፣ ቬንካት ላክሽሚናራያናን እና ሎሪ ሳንቶስ ጦጣዎችን በሳንቲም መገበያየት አስተማሩ። ሳንቲሙ ጠፍጣፋ የብረት ዝርግ ነው። ጦጣው ዝርጉን ለሰውዬው ይሰጣል፤ ሰውዬው ቁራጭ ፖም ይሰጠዋል። ቀስ በቀስ ጦጣዎቹ ነጋዴ መምረጥ ጀመሩ። ይሄኔ ሁለት ዓይነት ነጋዴ ቀረበላቸው። አንደኛው አንድ ቁራጭ ያሳያል፤ ሲገበያዩ ግማሹን ጊዜ ያችኑ አንድ ይሰጣል፣ ግማሹን ጊዜ ደግሞ አንድ ምርቃት ይጨምራል። ሁለተኛው ሁለት ቁራጭ ያሳያል፤ ግማሹን ጊዜ ሁለቱንም ይሰጣል፣ ግማሹን ጊዜ ግን አንዷን መልሶ ይወስዳል።

ሆድ ውስጥ የሚገባው እኩል ነው። ከሁለቱም ነጋዴዎች በአማካይ አንድ ቁራጭ ተኩል ይገኛል። ጦጣዎቹ ግን ከ100 ጊዜ ወደ 70 ጊዜ የመረቀላቸውን ነጋዴ መረጡ። የቀነሰባቸውን ሸሹት። ቀጥሎ ነገሩ ይበልጥ ጠበቀ። አንዱ ሁልጊዜ አንድ አሳይቶ አንድ ይሰጣል። ሌላው ሁልጊዜ ሁለት አሳይቶ አንድ ይሰጣል። አሁንም የሚበላው እኩል ነው። ምርጫው ግን ከ100 ወደ 80 አሻቀበ። ሁለት አይቶ አንድ መቀበል ለጦጣውም ቅሚያ ነው።

ውጤቱን በሌላ መንገድ የተረጎሙ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም። ለእኔ ግን ያቺ ጦጣ ፊቷን ከሁለተኛው ነጋዴ ስታዞር የማየው ሥጋ ቤት የቆመ ሰው ነው። አንዱ ሥጋ ሻጭ ሚዛኑ ላይ በትንሹ ጀምሮ ይጨምራል። ሌላው አብዝቶ ጭኖ ይቀንሳል። ኪሎው አንድ ነው። ደንበኛ የሚበዛው ማን ጋ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ለምን እንደዚህ ሆንን?

ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ፍጡር አስቡ። ዛሬ ያገኘውን ዛሬ ይበላል። ጎተራ የለውም፣ ባንክ የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ፍጡር የአንድ ቀን ምግብ በትርፍ ማግኘት ጥሩ ነገር ነው፤ ቢበዛ ጠግቦ ያድራል። የአንድ ቀን ምግብ ማጣት ግን ሞት ሊሆን ይችላል። ማግኘትና ማጣት እዚህ ላይ እኩያ አይደሉም። ለማጣት ግድ የሌለው ወገን ብዙ ዘር ሳይተርፍለት ቀረ። የተረፉት ፈሪዎቹ ናቸው። እኛ የእነሱ ልጆች ነን። ብዙ ሳይንቲስቶች የሚሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው፤ ለእኔም አሳማኝ ነው።

አእምሮ ውስጥ ከዚህ ጋር ስሙ የሚነሳ አንድ ቦታ አለ። አሚግዳላ ይባላል። በግራና በቀኝ ጆሮ ትይዩ ወደ ውስጥ ገባ ብላ የምትገኝ፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል ክፍል ናት። አደጋ ስናይ ቀድመው ከሚነቁት መሀል ነች። አንድ ብርቅ በሽታ በሁለቱም በኩል ይህችን ክፍል ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ይህ የደረሰባቸውን ሁለት ሴቶች ተመለከተ። የሳንቲም ውርርድ ቀረበላቸው። የገንዘቡን መጠን በደንብ ይለያሉ። ብዙ ትርፍ ያለውን ከትንሹ ይመርጣሉ። የማጣት ፍራቻቸው ግን የለም። ጤነኛው ሰው የሚሸሸውን ውርርድ እነሱ ያለ ችግር እሺ ይላሉ። ሁለት ሰው ብዙ አይደለም። ሆኖም ጥናቱ የሚጠቁመው ነገር ከባድ ነው። ያ የሌሊቱ መገላበጤ ከስሌት አልመጣም። ከዚህች ማንቂያ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል እፈልጋለሁ፣ በየቦታው ስለሚደጋገም። «ውስጣችን የእንሽላሊት አእምሮ አለ፤ በላዩ የእንስሳ፣ ከላይ ደግሞ የሰው አእምሮ ተደርቧል» ይባላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፋው ፖል ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ለማስረዳት ይመቻል፤ ግን ትክክል አይደለም። አእምሮ እንደ ፎቅ ቤት በደርብ በደርብ አልተሠራም። እንሽላሊትም ከላይኞቹ ክፍሎች የራሱ ድርሻ አለው፤ የእኛም የጥንት ክፍሎች ከእኛው ጋር ተለውጠዋል። ስንፈራም ስናስብም ክፍሎቹ አብረው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ «ስሜቴን ከላይ ሆኜ እገዛዋለሁ» የሚል ሰው ራሱን እንዳያታልል እሰጋለሁ። ብዙ ጊዜ ስሜት ቀድሞ ይወስናል፤ ምክንያት ከኋላ ይደርሳል።

ሌላም ነገር አለ፣ እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ። ሃድዛ የሚባሉ፣ ሰሜን ታንዛኒያ ኢያሲ ሐይቅ አካባቢ በአደንና በለቀማ የሚኖሩ ሕዝቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የኩባያውን ዓይነት ሙከራ እነሱ ጋ ወሰደው። ብስኩት ወይም ላይተር ተሰጣቸው፤ ከዚያ «በሌላ ዓይነት ልቀይርልህ?» ተባሉ። ቱሪስትና ገበያ በሚደርስበት አካባቢ ያሉት እንደ እኛው ናቸው፤ የያዙትን አልለቅም አሉ። ርቀው የሚኖሩት ግን ግማሹን ጊዜ ያህል ቀየሩ። በእጃቸው የገባው ነገር በመግባቱ ብቻ አልከበደባቸውም። በእነዚያ ሰፈሮች የተገኘ ሁሉ ይከፋፈላል። «የኔ» የሚለው ቃል ሥሩ አልጠለቀም።

በተቃራኒው ደግሞ ጆን ሊስት የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በአሜሪካ የስፖርት ካርድ ነጋዴዎችን አጠና። ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች ካርዳቸውን ለመቀየር አያመነቱም። ጀማሪዎቹ ግን ሙጭጭ ይላሉ። ለነጋዴው እቃ የሚያልፍ ነገር ነው። መርካቶ ላይ ባለሱቁ ሸሚዙን «ውሰደው» ብሎ ሲወረውርላችሁ ምንም አይቆርጠውም። ያው ሰው የራሱን አሮጌ ጃኬት ሽጥ ቢሉት ግን ያስብበታል።

እንግዲህ ፍራቻው ጥንታዊ ነው፤ ምን ላይ እንደሚያርፍ ግን አኗኗራችን ያስተምረዋል። ይህ ለእኔ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው።

ኪሳችን ውስጥ የሚሠራው

አንዲት ዲኤክስ ነበረችኝ። ነጭ መኪና ነች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ስገዛት በጥቂቱ ታጨሳለች። «ፋሻ ነው» አለኝ መካኒኩ። ፋሻ ተቀየረ። በሁለተኛው ወር ፍሪሲዮን ሄደ። ተሠራ። ከዚያ ራዲያተሩ፣ ከዚያ ካምቢዮው። ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር «ልሽጣት» እላለሁ። ወዲያው ደግሞ «እስካሁን ያፈሰስኩት ብር ሜዳ ላይ ሊቀር?» እላለሁ። ያንን ብር ላለማጣት ሌላ ብር እጨምራለሁ። የተጨመረው ደግሞ በተራው የማይጣል ይሆናል። ሁለት ዓመት እንደዚህ ሄድኩ። መካኒኩን አልወቅስም፤ የጠየቅኩትን ሠራልኝ። መጠየቅ የነበረብኝ ራሴን ነው።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ለሰውም እመክርበታለሁ። ያለፈው ወጪ አልፏል፤ ለዛሬ ውሳኔ የሚቆጠረው ከዛሬ ወዲያ የሚወጣውና የሚገባው ብቻ ነው። ይህን እያወቅኩ ነው ካምቢዮ ያስጠገንኩት። ማወቅ ብቻውን አያድንም። ጨርሶ ያልተመቸው ትዳር ውስጥ፣ በማይወደው የትምህርት ዘርፍ ውስጥ «ይህን ሁሉ ዓመት አጥፍቼማ» እያለ የሚቆይ ሰው የያዘው ይኸው ገመድ ነው።

የዋጋ ንረትም ይህን ፍራቻ ያሳውረዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ የካናዳ የስልክ ጥናት ለሰዎች ሁለት ታሪክ አቀረበ። በአንደኛው የዋጋ ንረት የለም፤ ድርጅቱ ደሞዝ በ7 በመቶ ቀነሰ። በሁለተኛው የዋጋ ንረት 12 በመቶ ነው፤ ድርጅቱ ደሞዝ 5 በመቶ ብቻ ጨመረ። በሁለቱም ሠራተኛው ያጣው የመግዛት አቅም ያው 7 በመቶ ገደማ ነው። የመጀመሪያውን 62 በመቶ ሰዎች «ግፍ ነው» አሉ። ሁለተኛውን «ግፍ ነው» ያሉት 22 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ወደ ታች ካልወረደ ማንቂያው አይጮህም።

እኛ አገር በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በርግጥ ሁሉም ሰው ስለ ዘይቱና ስለ ጤፉ ያማርር ነበር። ቤቷ ውስጥ 10,000 ብር ያስቀመጠች ሴት ግን ከዓመት በኋላ ስትቆጥረው 10,000 ነው። አልተነካም። እጇ ላይ ያለ ወረቀት ስላልጎደለ የጠፋባት አይመስላትም። ሌባ ከዚያ ውስጥ 500 ብር ቢወስድባት ግን ሰፈር ይሰማ ነበር።

አክሲዮንም እንደዚሁ ነው። ቴራንስ ኦዲን የተባለ ተመራማሪ 10,000 የአሜሪካ ባለአክሲዮኖችን ሒሳብ መርምሮ ነበር። ሰዎቹ የተወደደላቸውን አክሲዮን ቶሎ ይሸጣሉ፤ የረከሰባቸውን አቅፈው ይቀመጣሉ። የረከሰውን መሸጥ «ከሰርኩ» ብሎ መፈረም ነውና። ችግሩ የሸጡት አክሲዮን በአማካይ ካቀፉት የተሻለ መሄዱ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን ገዝቶ ዋጋውን በየጊዜው የሚመለከት ሰው እየበዛ ይሄዳል። ይህችን ጠባይ ከአሁኑ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ቃል ብቻ ሲቀየር ውሳኔ እንዴት እንደሚገለበጥ የሚያሳየው ግን ካህነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ጥያቄ ነው። አንድ ወረርሽኝ 600 ሰው ይገድላል ተብሎ ይጠበቃል። አንዱ መንገድ 200 ሰው በእርግጠኝነት ያድናል። ሌላው ቁማር ነው፦ ከሦስት አንድ ዕድል ሁሉንም ያድናል፣ ከሦስት ሁለት ዕድል ማንንም አያድንም። 72 በመቶው እርግጠኛውን መረጡ። ለሌሎች ሰዎች ይኸው ነገር ተገልብጦ ቀረበ። በአንዱ መንገድ 400 ሰው ይሞታል። በሌላው፣ ከሦስት አንድ ዕድል ማንም አይሞትም፣ ከሦስት ሁለት ዕድል 600ም ይሞታሉ። አሁን 78 በመቶው ቁማሩን መረጡ። ከ600 ውስጥ 200 ዳነ ማለት 400 ሞተ ማለት ነው። «ይሞታል» የሚለው ቃል ሲገባ ግን ሰው ለማጣት ከመፍረም አደጋ ውስጥ ዘሎ መግባትን መረጠ። ኪሳራውን ለመመለስ ሌሊቱን የሚያቆማር ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ፍራቻችንን የሚነግዱበት

እናቴ ሽንኩርት ስትገዛ ሚዛኑን ሦስቴ የምታስደግም ሴት ናት። አንድ ቀን ስልክ ተደወለላት። «ከባንክ ነው የምንደውልልዎት፤ ሒሳብዎ ዛሬ ሊዘጋ ነው፤ አሁን ካላስተካከልን ገንዘብዎ ይታገዳል» አላት አንድ ጨዋ ድምፅ። ከዚያ ስልኳ ላይ የሚገባውን ቁጥር እንድታነብለት ጠየቃት። ስገባ መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን ልታነብ ነው። እጇ ይንቀጠቀጣል።

«እማዬ፣ ማነው?»

«ቆይ ልጄ፣ ብሬ ሊሄድብኝ ነው!»

ስልኩን ተቀብዬ ዘጋሁት። እናቴ ሞኝ አይደለችም። ሰውዬው «ሽልማት ደርሶዎታል» ቢላት ኖሮ «ለእናትህ ስጣት» ብላ ትዘጋው ነበር። ማግኘትን ለመጠርጠር ጊዜ አላት። ማጣት ሲባል ግን ያቺ የለውዝ ፍሬ ቀድማ ጮኸች። አጭበርባሪዎቹ ይህን ያውቃሉ። «ዛሬ»፣ «አሁኑኑ»፣ «ሊዘጋ ነው» የሚሉት ቃላት በድንገት የገቡ አይደሉም። የማሰቢያ ጊዜ እንዳይኖረን ተመርጠው ነው የሚገቡት። «ሁለት ቀርቷል፣ ነገ ዋጋው ይጨምራል» የሚለው የሱቅ ማስታወቂያም የዚያው ዘመድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ገንዘብ አይደለም። «እነዚያ መጥተው ያንተን ሊወስዱ ነው» የሚል ድምፅ ነው። መሬትህን፣ ሥራህን፣ ቋንቋህን፣ ክብርህን። «እናድግ» ከሚለው ንግግር ይልቅ «ሊነጥቁህ ነው» የሚለው ሰው ይሰበስባል። ሰው ያላየውን ጎረቤት የሚጠላው፣ አብሮት ቡና የጠጣውን ሰው በጥርጣሬ የሚያየው ብዙ ጊዜ በዚህ በር ነው። አንዳንዴ ስጋቱ እውነተኛ መሠረት ይኖረዋል፤ ይህን አልክድም። ግን እውነት ሆነም አልሆነ ማንቂያው የሚጮኸው እኩል ነው። እንዲህ ዓይነት ንግግር ስሰማ ደረቴ ሲሞቅ ካየሁ፣ አሁን አሁን ለማንም ከማጋራቴ በፊት ስልኩን አስቀምጬ እወጣለሁ። ተመልሼ ሳነበው ብዙ ጊዜ ሌላ ጽሑፍ ይሆንብኛል።

ምን ያግዛል?

ጊዜ ያግዛል። እናቴን የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሊጠፋ ነው ብሎ የሚያቻኩልሽ ሰው ከሆነ ዝጊውና ራስሽ ባንኩ ድረስ ሂጂ።» አሁን ታደርገዋለች።

መነሻውን መቀየርም ያግዛል። ማጣት ሁልጊዜ የሚለካው ከአንድ መነሻ ነው። ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርዚ ይህን ለበጎ ተጠቀሙበት። አንድ የአሜሪካ ድርጅት ሠራተኞች ከደሞዛቸው ቆርጠው ለጡረታ መቆጠብ ከበዳቸው። ከእጅ የሚወጣ ነገር ነውና። ቴለርና ቤናርዚ «አሁን ምንም አትቁረጡ፤ ወደፊት ደሞዝ ሲጨመርላችሁ ከጭማሪው ይቆረጥ» የሚል ውል አቀረቡላቸው። ገና እጅ ያልገባ ብር ሲቆረጥ አያምም። ውሉን የተቀበሉት ሠራተኞች ቁጠባ በ40 ወር ውስጥ ከደሞዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ ደረሰ።

ዕቁብ ይህን በራሱ መንገድ ሲሠራ ኖሯል ብዬ አምናለሁ። ብቻችንን ስንቆጥብ የምናጣው ብር ይታየናል። ዕቁብ ከገባን በኋላ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ሳንከፍል ብንቀር የምናጣው ነገር ይበልጣል፤ በዳኛውና በዕቁብተኛው ፊት ያለንን ስም ነው የምናጣው። ያው ፍራቻ፣ አቅጣጫው ብቻ ዞሮ፣ ያስቆጥበናል።

ለእቃ ደግሞ አንዲት ጥያቄ አለችኝ። «ይህ ነገር ባይኖረኝ ኖሮ ዛሬ በዚህ ዋጋ እገዛው ነበር?» መልሱ አይደለም ከሆነ፣ የያዘኝ ጥቅሙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዲኤክሷን በዚች ጥያቄ ነው የሸጥኳት። አንድ ጋራዥ ያለው ሰው ለመለዋወጫ ፈለጋት። ጉድለቷን አንድ በአንድ ነገርኩት። ያወጣሁባትን ግማሽ እንኳ አልመለሰልኝም። ብሩን ሲቆጥር ደረቴን የሆነ ነገር ይጫነኝ ነበር። ቁልፉን ስሰጠው ጣቶቼ ለመልቀቅ ዘገዩ። እሷም እንደልማዷ እያጨሰች ከግቢው ወጥታ ኩርባውን ዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲ ተራ ተሰልፌ ስልኬን አየሁ። ከመካኒኩ የመጣ ጥሪ አልነበረም።